ያሳመርኩት ትርጉም

ሸዋሮቢት ስመደብ ከተማዋ ካርታ ላይ የት እንዳለች አላውቅም ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ጎጃም ደጋ ላይ ነው፤ ሰው ሐምሌም ጥርም ጋቢ ለብሶ በሚውልበት አገር። ከደብረ ሲና ወደ ታች አውቶቡሱ በተጠመዘዘ ቁጥር አንድ አንድ ልብስ እያወለቅኩ መጣሁና መናኸሪያ ስደርስ ሸሚዜ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ይኸው ከአስራ አንድ ዓመት በላይ ሆነኝ፤ ሰፈር ውስጥ አሁንም "ጎጃሜው ቲቸር" ነኝ። በክፋት አይደለም፣ ለምልክት ነው። ቤት ሲጠቁሙም "ኒሟ ዛፍ አጠገብ" ይላሉ፤ ኒሟ ግን ከእኔ በፊት ነው የመጣችው።

ምርምር ውስጥ የገባሁት ፋን ፊት ለፊት ተጋድሜ ሳለ ነው። ክረምት ነበር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ርዕሰ መምህሩ ደወለ።

"ከውጭ የመጣች ተመራማሪ አስተርጓሚ ትፈልጋለች። ስለ ስደት ነው የምታጠናው። ከእኛ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር ካንተ ሌላ የለም" አለኝ።

የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍላችን ስድስት መምህራን አሉት። እሺ አልኩት።

ተመራማሪዋን በማግስቱ ያረፈችበት ሆቴል በረንዳ ላይ አገኘኋት። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ረጅም፣ አንገቷን ፀሐይ ያቀላው ፈረንጅ ናት። በዚያ ሙቀት የሚያቃጥል ሻይ ትጠጣለች። "ዶክተር" ብዬ ስጠራት "ገና ነኝ፣ ለመሆን ነው የመጣሁት" አለች።

"በእኛ አገር መነጽር ይበቃል" አልኳት።

ሳትስቅ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ፊት የሚነገር ቀልድ ሁሉ መረጃ እንደሚሆን አወቅኩና አፌን መጠበቅ ጀመርኩ። አፌን ከመጠበቅ አልፌ የሌላውንም ሰው አፍ መጠበቅ የጀመርኩት ወደ በኋላ ነው፤ እሱን ነው የምነግራችሁ።

ጥናቱ አረብ አገር ሠርተው ስለተመለሱ ሰዎች ነበር። ሲመለሱ ከሰፈሩ ጋር እንዴት ተላመዱ፣ እርዳታ ድርጅቶች ምን አደረጉላቸው፣ አደረግንላችሁ የተባሉትስ ምን ይላሉ የሚል ነው። እንደዚህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። መጠይቁ ላይ ግን "ማህበራዊ ውህደት" የሚል ነገር ነበረበት፤ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ የመለስኩት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ስለዚሁ የጠየቅናቸው ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ጥቂት አሰቡና "ውህደቱ አልቆ የለም እንዴ? ፓርቲዎቹ ተዋሃዱ ሲባል በሬዲዮ ሰምተናል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ "ከሰው ጋር መላመድ" እያልኩ ጠየቅኩ።

የስምምነት ቅጽ የሚባልም አለ። ሰውየው ሳይጠየቅ በፊት ይነበብለታል፤ በፈቃድዎ ነው፣ በፈለጉበት ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ፣ ቢያቋርጡ ምንም ነገር አይደርስብዎትም ይላል። ይህን ስናነብላቸው ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ።

"ምን ሊደርስብኝ ነበር?" አሉ።

"ምንም አባባ፣ እንዲያው ደንብ ሆኖ ነው።"

"ምንም የማይደርስ ከሆነ ምን ያስጽፋል?"

ተመራማሪዋ "ምን አሉ?" ስትለኝ "ግልጽ ስለሆነላቸው ያመሰግናሉ" አልኳት። የመጀመሪያዋ የለወጥኳት ንግግር ይህች ነበረች። ጭንቅላቷን ነቅንቃ ጻፈች፣ እኔም ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ እየቀለለኝ ሄደ።

ሰዎቹ መጠየቅ ለምደዋል። ከእኛ በፊት ሌሎች መጥተዋል፣ ከነሱ በፊትም ሌሎች። አንዷን ስንጠይቅ አጠገቧ የተቀመጠች ጎረቤት "ኧረ ያንን ንገሪያቸው፣ ለበፊቶቹ ያልሽውን፣ እሱ ያምር ነበር" ትላለች። ስንገባ "ከሳሙናው ናችሁ ከዶሮው?" ብለው የሚቀበሉን ነበሩ፤ አንዱ ድርጅት ሳሙና መሥራት፣ ሌላው ዶሮ ማርባት አስተምሯቸው ነበርና። "ከሁለቱም አይደለንም፣ ልንጠይቃችሁ ብቻ ነው" ስንል በርጩማ ያወጣሉ፤ ግን ያልተደላደለውን ነው የሚያወጡት።

እኔ በመሐል ተቀምጬ የሁለቱንም ወገን ንግግር አለሰልሳለሁ። አንድ ሰውዬ "እነዚህ ሰዎች ምሳ ሰዓት ጠብቀው ነው እንዴ የሚመጡት?" ሲል እኔ "በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል ይላል" እላለሁ። አንዲት እናት "ልጄ ስትሄድ ያልጠየቀኝ ሁሉ ስትመለስ ምን አመጣው?" ሲሉ "ለልጃቸው ስለተጨነቅሽ ያመሰግናሉ" እላለሁ። ተንኮል አልነበረውም፤ እንግዳ ማስቀየም አልወድም። የሰፈሩንም ሰው እንግዳ ፊት ማስነወር አልወድም። ማታ ቤቴ ገብቼ ዛሬ ስንት ጠብ አበረድኩ ብዬ በራሴ የኮራሁበትም ቀን አለ።

የጀውሃዋን ሴት ያገኘናት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ጀውሃ አስፋልቱ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ከባድ መኪኖች ምግብ ቤቶቹ ፊት ተደርድረው ይቆማሉ፣ ሾፌሮች በልተው ይነሳሉ። የሴትዮዋ ቤት ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ነው፤ ማሾ በተዘራበት ማሳ መሐል አስር ደቂቃ ያህል በእግር ያስኬዳል። ዱባይ ሰው ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ከተመለሰች ሁለተኛ ዓመቷ ነበር፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት፣ የምትኖረው ከአባቷ ጋር።

አባትየው በር ላይ ተቀበሉን፣ ጥላ ሥር አስቀመጡን፣ ተመራማሪዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩና "ይቺ ልጅ ባል የላትም? ዕድሜዋ እየሄደ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

"መንገዱ እንዴት ነበር ይሉሻል" አልኳት።

"ረጅም ነበር፣ ግን ደስ ይላል በልልኝ" አለች።

"አላህ ያውቃል ትላለች" አልኳቸው።

"አሚን" አሉ አባትየው፤ ሁሉም ደስ አለው። ሴትዮዋ ብቻ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ አስጠግታ መሬት መሬት አየች። ዓይናፋር ናት ብዬ አሰብኩ።

ተመራማሪዋ ገና ከበር ላይ ያበራችውን መቅረጫ ወደ ሴትዮዋ አስጠግታ ጀመረች። ስትመለሽ ቤተሰብሽ እንዴት ተቀበለሽ? 

"ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎ?" አለችኝ። ያን ጊዜ አንቱ ትለኝ ነበር። "እዚያ በር ተቆልፎብኝ ስኖር ያልናፈቅኩት ሰው የለም። ስመጣ ሁሉም ሊቀበለኝ ወጣ። እኔ እነሱን ሳይ እነሱ ሻንጣዬን ያያሉ። ሻንጣው ተከፍቶ ሲያልቅ ሰዉም አለቀ። አባቴ ብቻ ናቸው ቀርተው 'ከስተሻል' ያሉኝ።"

እኔም ለተመራማሪዋ "ቤተሰቧ በደስታ ተቀብሏታል፤ በተለይ አባቷ ለጤንነቷ ያስቡ ነበር" አልኩ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ ተነስታ ውሃ በጆግ አመጣችና ለእኔ ብቻ ሞልታ ቀዳችልኝ።

ስለ ሥልጠናውም ተጠየቀች። "ሠላሳ ሴቶች ነን፣ ሠላሳችንም ሳሙና ሠራን" አለች። "ሰርተፊኬት ሰጡን፣ ፎቶ አነሱን። ከዚያ ሳሙናችንን ይዘን ገበያ ወጣንና እርስ በርሳችን ተያየን። የሚገዛልን ሰው ቢኖር እኮ እሱም ሳሙና መሥራት ተምሯል።" እኔ "ጠቃሚ ሙያ አግኝታለች" አልኩ። መጨረሻ ላይ የምትጨምሪው ነገር አለ ወይ ተባለች። "ይህን ሁሉ ጽፋ ምን ልታደርገው ነው? እኔን አጥንታ እሷ ዶክተር ልትሆን ነው አይደል?" አለች። "ጥናትሽ እንዲሳካ ትመኛለች" አልኩ። ተመራማሪዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነቻት። ሴትዮዋም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች፤ ሻሿ ግን አሁንም አፏ ላይ ነበር።

በዚህ ዓይነት ሃያ ያህል ሰው ጠየቅን። ከዚያ ተመራማሪዋ የተቀረጸውን ይዛ አዲስ አበባ ወጣች። እዚያ አንድ ተማሪ እየሰማ የሁለቱንም ቋንቋ ንግግር ቃል በቃል በጽሑፍ እንዲያሰፍርላት ሰጠችው። እኔ ይህን አላውቅም። ቅጂው ለማስታወሻ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ ሠርግ ቪዲዮ፣ ማንም መልሶ የማያየው።

ተመልሳ ስትመጣ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ጠራችኝ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ወንበሩ ራሱ ያቃጥላል። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር አለ፤ ገጹ ለሁለት ተከፍሎ በግራ ሰዎቹ ያሉት፣ በቀኝ እኔ ያልኩት። የአዲስ አበባው ተማሪ በኅዳጉ ላይ በቀይ ጽፏል። መጀመሪያ ላይ "አስተርጓሚው እዚህ ሌላ ነገር ተናግሯል" ይላል። ትንሽ ዝቅ ብሎ "እዚህም" ይላል። ከአምስተኛው ሰው በኋላ መጻፉን ትቶ የጥያቄ ምልክት ብቻ ያስቀምጣል። ጀውሃ ስንደርስ "ሃ ሃ" ብሎ ጽፏል።

ተመራማሪዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንድ አንዱን እያነበበች "ይህ ትክክል ነው?" ትለኛለች፣ እኔም "አዎ" እላለሁ። ስለ ምሳ ሰዓቱ አነበበች። ስለ ባሏም አነበበች። "ባል እንደሌለኝ ጠይቀውኝ 'አላህ ያውቃል' ብያቸዋለሁ ማለት ነው?" አለች።

"አሚን ብለውልሻል" አልኳት።

ከቦርሳዋ ሌላ ጥራዝ አወጣች። ሠላሳ ገጽ ያህል ጽፋ ነበር፤ ስለ ተመላሾቹ ተስፋና አመስጋኝነት የሚያትት አንድ ሙሉ ምዕራፍ። እዚህ ቆላ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይህን ያህል ተስፈኛ መሆናቸው አስገርሟት ምክንያቱን ከስንት መጽሐፍ ስትፈልግ ከርማለች።

"ይህ ምዕራፍ ስለ ተመላሾቹ አይደለም" አለች። "ስለ አንተ ነው።"

የምገባበት ጠፋኝ። "እንግዳ ስለሆንሽ ነው፤ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው" አልኩ። እንደዚያ ስል ለራሴም ደስ አላለኝም፤ የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነበርና። ሌላውን ግማሽ ያን ቀን ለእሷ አልነገርኳትም። እኔም በዚህ ከተማ እንግዳ ነኝ። አስራ አንድ ዓመት የኖርኩት ማንንም ባለማስቀየም ነው። ሙቀቱን እንዴት አገኘኸው ሲሉኝ "ለምጄዋለሁ" እላለሁ፤ አልለመድኩትም። ሰው ሲጣላ ለአንዱ "እሱኮ ይወድሃል" ለሌላውም "እሱኮ ይወድሃል" እላለሁ። የሰውን ንግግር ማለስለስ ለእሷ ብዬ የጀመርኩት ሥራ አልነበረም።

"እንደገና እንሄዳለን" አለች። "ሁሉም ጋ። ምን እንዳደረግክ አንተው ራስህ ትነግራቸዋለህ።"

የመጀመሪያው ጀውሃ ነበር፤ እሷው መረጠችው።  አባትየው ጥላቸው ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ሴትዮዋ ማሽላ ታበጥራለች። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ቁጭ በል ቢሉኝም እንቢ አልኩ። ያላችሁትን በትክክል አልተረጎምኩም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የአባባንም ጥያቄ ለውጬዋለሁ አልኩ።

አባትየው "የቱን ጥያቄ?" አሉ።

"ስለ ባሏ የጠየቁትን።"

"አልጠየቅካትም?"

"አልጠየቅኳትም።"

"ታዲያ አሁን ጠይቃታ" አሉ።

ጠየቅኳት። ተመራማሪዋ አንድ ጓደኛ እንደነበራት፣ ለምርምር ስትመላለስ እንደተለያዩ ነገረችኝ፤ ምንም ሳልጨምር አቀረብኩ። አባትየው ከንፈራቸውን መጠጡና ዱዓ አደረጉላት። ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። ወንፊቱን አስቀምጣ ጣቶቿን እያራገፈች ነበር። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ከእኔ በጠራ እንግሊዝኛ፣ ለተመራማሪዋ "አውቃለሁ። ያን ቀንም እየሰማሁት ነበር" አለች።

የተመራማሪዋ አፍ ተከፈተ። የእኔስ ተከፍቶ ምን ይፈይዳል። አባትየው የልጃቸውን ፊት ሳይሆን የእኔን ፊት እያዩ ይስቃሉ።

"ማዳም ልጆቿን በእንግሊዝኛ ነው የምታሳድጋቸው" አለች ሴትዮዋ ወደ አማርኛ መልሳ። "እኔ ከልጆቹ ጋር ነው የምውለው፤ አስተማሪም ቤት ይመጣላቸው ነበር። እነሱ ሲማሩ እኔ ልብስ እየተኮስኩ ተማርኩ።"

"ለምን አልነገርሽንም?" አልኩ።

"ማን ጠየቀኝ? ወረቀታችሁ ላይ ያለው 'አረብኛ ትችያለሽ?' ነው። እችላለሁ አልኩ። እንግሊዝኛ ብሎ የጠየቀኝ የለም።" ሳቅ አለች። "ዱባይም አልተናገርኩም። ማዳምና ባሏ ፊቴ ላይ የልባቸውን የሚያወሩት እንደማልሰማ ስለሚያስቡ ነው። ከስንት ነገር የዳንኩት በዚያ ነው፣ ወላሂ። ለሰው የማትሰማ መምሰልን የመሰለ መድኃኒት የለም።"

"እኔን ስትሰሚኝስ?" አልኩ።

"አንተንማ ወዴት እንደምትወስደኝ ላይ ብዬ ነው የተውኩህ።" ያን ጊዜ ነው ከአንቱ ወደ አንተ የወረድኩት፤ ከዚያ ወዲህ መልሳ አላወጣችኝም። "አንዳንዱን ከእኔ አሳምረህ ተናግረሃል። አባቴ ለጤንነቴ እንዳሰቡ ስትል 'ይኼስ ውሸት አይደለም' አልኩ። የሳሙናው ግን አናደደኝ። ሠላሳ ሴት ተቀልዶብን እሱንም ቀባብተህ 'ሙያ' ታደርገዋለህ?"

 ተመራማሪዋ ምን እያለች እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ሴትዮዋ ራሷ ነገረቻት፣ ሁሉንም፣ ሻንጣውንም ጭምር። ተመራማሪዋ ያን ቀን ማስታወሻዋን አላወጣችም። ስንሄድ በር ላይ ቆማ ቀሪውን አብራት እንድትሠራ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አባቷን አየች። አባትየው "መሄዱንስ ሂጂ፣ ይኼኛው መንገድ እንኳ ማታ ይመልስሻል" አሉ።

እኔ ዝቅ ተደረግኩ። ሥራዬ መቅረጫውን መያዝና ጎረቤቶች ለተጠያቂው መልስ እንዳያቀብሉ ማራቅ ሆነ። ለአስራ አንድ ዓመት መምህር ቀላል ሥራ ነው፤ ዓይኔን አፍጥጬ ስቆም ይበተናሉ።

ሴትዮዋ ስትተረጉም ምሕረት አታውቅም። ካራቆሬ ከተማ አንዲት እናት ጥያቄው ሳያልቅ አቋረጡና "ይኼ ምን ዓይነት የጅል ጥያቄ ነው?" አሉ። ሴትዮዋ ለተመራማሪዋ "ጥያቄሽ የጅል ነው ይላሉ" አለች፤ ጨመረችና "እኔም እንደዚያ ይመስለኛል" አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ተመራማሪዋ ግን ጥያቄውን ደግማ አነበበችው። "ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የማህበረሰቡ አካል እንደሆኑ ምን ያህል ይሰማዎታል፣ ከአንድ እስከ አምስት" ይላል። "ምኑ ነው የጅል?" አለች።

እናትየው ሲተረጎምላቸው አሰቡበት። "ልጄ፣ ጎረቤቴን ትናንት ሰድቤያታለሁ፤ ዛሬ ልጇን እየጠበቅኩላት ነው። ይኼ ስንት ነው?" አሉ።

ተመራማሪዋ እስክሪብቶ አወጣችና ጥያቄውን ከሁሉም ወረቀት ላይ ሰረዘችው። ከዚያ ሰዎቹ ከእኛ ጋር የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ። የተደላደለው በርጩማ መውጣት ጀመረ። ያበረድኳቸው የመሰሉኝ ጠቦች ሁሉ ተመልሰው መጡ፤ አንዳንድ ቤት ተጯጯኹብን፣ አንድ ቤት ለቃችሁ ውጡልን ተባልን። ሴትዮዋ ይህንንም በትክክል ተርጉማ ወጣን።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ተመራማሪዋ አንድ ነገር ጎደለኝ አለች። ውጭ አገር ሳይሆን እዚሁ አገር ውስጥ ከሌላ ቦታ መጥተው የሚኖሩ ሰዎችን ለማነጻጸሪያ መጠየቅ ፈልጋለች፤ መምህራን፣ ነርሶች፣ የመንግሥት ሠራተኞች። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"በአማርኛ መልስ" አለችኝ ተመራማሪዋ፤ "እሷ ትተረጉማለች።"

"እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ እኮ።"

"ሁሉም በአንድ መንገድ መጠየቅ አለበት" አለች።

ስለዚህ እኔው ቤት፣ በእኔው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የስምምነት ቅጹ ተነበበልኝ። ምንም ነገር እንደማይደርስብኝ ሲነገረኝ የሽማግሌው ፍርሃት ገባኝ። ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጀመረች። እዚህ መኖርን እንዴት አገኘኸው?

"ጥሩ ነው፣ ለምጄዋለሁ" አልኩ።

"ለምጄዋለሁ ይላል" ብላ ተረጎመች፤ "ይዋሻል" አለች ቀጥላ።

"ያላልኩትን አትጨምሪ" አልኩ።

"አንተ ስትቀንስ ማን ተናገረህ?"

ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ገለበጠችውና የሌለበትን ጠየቀችኝ። "ለምን ወደ አገርህ አልተመለስክም? መምህር ሁሉ ዝውውር ይጠይቃል። አንተስ አልጠየቅክም?"

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። በየዓመቱ ዝውውር እሞላለሁ፣ በየዓመቱ ይቀራል፤ ለእናቴም "አልለቀቁኝም" እላለሁ። ከቃለ መጠይቁ ሁለት ዓመት በፊት ግን ተፈቀደ። ደብዳቤውን ተቀበልኩ፣ አጥፌ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተትኩት፣ አልሄድኩም። ለእናቴ ያን ዓመትም "አልለቀቁኝም" አልኩ።

"ለምን?" አለች ሴትዮዋ።

"ከዚያ በፊት ለእረፍት ሄጄ ነበር" አልኩ። "ወንድሜ አልጋውን ለቀቀልኝ። እናቴ ለቄስ የሚወጣውን ብርጭቆ አጥባ አቀረበችልኝ። ልጆቹ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ፤ 'ተጫወቱ፣ እንግዳ አለ ብላችሁ ነው?' ይሏቸዋል። ሳምንት ተቀመጥኩ። ማንም ውሃ ቅዳ፣ እንጨት ፍለጥ ብሎ አላዘዘኝም። እዚህ ጎረቤቴ በር ሳታንኳኳ ገብታ 'ቲቸር፣ ይኼን ጀሪካን ያዝልኝ' ትለኛለች።" እንደዚያ ብዬ ዓይኔን በእጄ ጠረግኩና አቧራው ነው አልኩ።

ሴትዮዋ ተረጎመች። ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ ነው የተረጎመችው። አቧራውንም ተረጎመችው። ከዚያ ተነሳችና ከጓዳዬ ውሃ ቀድታ አመጣች፤ ብርጭቆውን አላጠበችውም።

ተመራማሪዋ ጽፋ ጨረሰች፤ አሁን እውነተኛ ዶክተር ናት። ጽሑፉን በኢሜይል ላከችልን። ስም የለበትም፤ እኔ "ረዳት አንድ" ነኝ፣ የጀውሃዋ ሴት "ረዳት ሁለት"። የተስፋው ምዕራፍ ወጥቶ በምትኩ አስተርጓሚ መሐል ሲገባ ምን እንደሚሆን የሚያትት ገብቷል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በጣም ጨዋ ሆና ነው የጻፈችው፣ ረዳት አንድን ሳያውቀው የሚያነብ ሰው ሊያዝንለት ይችላል። ሴትዮዋ በስልኳ አንብባ ደወለችልኝ። "የእኔ ንግግር አንድ መስመር ነው፣ ማብራሪያው ሦስት ገጽ" አለች። "እኔ ራሴ ምን ማለቴ እንደነበር ከዚያ ነው የተረዳሁት።"

አሁን ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች ወደዚህ ሲመጡ የሚደውሉት ለእሷ ነው። ከመስማማቷ በፊት መጠይቁን ትቀበልና እቤቷ ታነባለች፤ የማይረቡትን ጥያቄዎች ሰርዛ ትመልሳለች። አንዳንዱ ተመራማሪ ይቆጣል፤ የተቆጣው ሌላ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ወደ እኔ የላከቻቸውም አሉ። አልቀበልም።

ለእናቴ ግን ደወልኩ። ከቃለ መጠይቁ በኋላ አንድ ወር ያህል ስልኩን እያነሳሁ ሳስቀምጥ ቆይቼ ነው። ለቀውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የቀረሁት አልኳት።  መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማዬ" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "እኔ እኮ እንዲለቁህ ብዬ በየዓመቱ ስለት እሳላለሁ። ስለቱ ደርሶ ነበር ማለት ነው?"

"ደርሶ ነበር።"

"እንግዲያው የማርያምን ስለት አስገባላት፤ ዕዳዋን አታስቀርባት" አለች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ ብሎ "ሰው አለህ እዚያ?" አለችኝ።

ምን ዓይነት ሰው ማለቷ እንደሆነ አላወቅኩም። ሚስት ከሆነ የለኝም፤ ጎረቤት ከሆነ አለኝ። እንደማላውቅ ነገርኳት።

"መጥቼ አያለሁ" አለች።

በጥምቀት ማግስት መጣች። ጋቢዋን ለብሳ፣ ፌስታል ሙሉ ቆሎ ይዛ፣ አውቶቡሱ ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ዓይኗን ጨፍና። መናኸሪያ ስቀበላት ጋቢውን አላወለቀችም፤ ሰው አገር ራቁቴን አልታይም አለች። እቤት ስንደርስ ጎረቤቴ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባችና እናቴን አየቻት፣ ቀጥታ ሄዳ ጋቢውን ከትከሻዋ አነሳችው። "እትዬ፣ በዚህ ሙቀት ልትሞቱብን ነው እንዴ?" አለቻትና የራሷን ስስ ሻርፕ አውልቃ አለበሰቻት። እናቴ የማታውቀው ሰው እንዲህ ሲዳፈራት አይታ አታውቅም፤ ወደ እኔ ዞራ ልትናገር ብላ ተወችው። ስምንት ቀን ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን ጎረቤቴ ጋ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋት፣ በአራተኛው ቀን እኔን "ያንን ጀሪካን አንሳላት፣ ቆመህ አትይ" አለችኝ።

ስትሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ሆና በመስኮት "ሰዎቹ ደግ ናቸው" አለች። "አየሩ ግን የሰው አይደለም። እንዴት ትለምደዋለህ?"

"አልለመድኩትም" አልኳት።